ለኮሜቱ የመጣው በረዶ

ባሏ «ወይኔ» ይላታል። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ትምህርት ቤትም የምትጠራው በዚያው ስም ነው። ቤት ውስጥ ግን ከተጋቡ ወዲህ ወይኔ ሆና ቀርታለች፤ ነገር ሁሉ በዚህች ቃል ስለሚጀምርላት። ወይኔ፣ ምድጃውን አጥፍቻለሁ? ወይኔ፣ ልጅቷን ሳል ጀመራት። ወይኔ፣ ስልኩ በዚህ ሰዓት ለምን ጮኸ? አንድ ጊዜ ካውያ ነቅላ መውጣቷን ለማረጋገጥ ከአውቶቡስ ወርዳ ወደ ቤት ተመልሳለች፤ ያውም ካውያው ተበላሽቶ ጥገና ቤት በነበረበት ሳምንት። ባሏ ይህን ታሪክ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያወራል። እሷም አብራ ትስቃለች። ሳቋ ግን ከጥርስ አያልፍም።

ጭንቀቷን አታውቀውም ማለት አይደለም። ከወለደች በኋላ ብሶባት ሐኪም ዘንድ ስትሄድ፣ ሐኪሟ አንድ ዘዴ አስተምራታለች። ልቧ ድው ድው ማለት ሲጀምር ቁጭ ብላ በአፍንጫዋ አየር በጥልቀት ትስባለች፤ ጥቂት ይዛ በአፏ ቀስ አድርጋ ታስወጣለች። ከዚያ ለራሷ «ይሄ ጭንቀቴ ነው፤ ነገሩ ግን ደህና ነው» ትላለች። ይሠራል። ብዙ ጊዜ ይሠራል።

የሳይንስ መምህርት ናት፤ ስድስተኛ ክፍል ታስተምራለች። ያን ሰሞን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በምዕራብ በኩል ጅራታም ኮከብ፣ በሳይንሱ ኮሜት የሚባለው፣ መታየት ጀመረ። ጠመኔ የነካ ጣት ሰሌዳ ላይ ያለፈ ይመስላል፤ ከታች ደማቅ ነጥብ፣ ከላይ እየሰፋ እየሳሳ የሚጠፋ ጭራ። መጀመሪያ ሰፈርተኛው በየበረንዳው እየወጣ ያደንቅ ነበር። ከዚያ ወሬው መጣ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ አንድ ሰውዬ፣ ኮከቡ አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ እኛ እየመጣ ነው፣ የሚያውቁትም ደብቀውብናል የሚልበት ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ተዛመተ። የክፍሏ ልጆች በእረፍት ሰዓት ኳሱን ትተው ጥግ ጥግ ይዘው ማንሾካሾክ ጀመሩ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ከፊት ወንበር የምትቀመጥ ቀጭን ተማሪዋ የምሳ ዕቃዋን ሳትከፍት ወደ ቦርሳዋ ስትመልስ አየቻት።

«አሞሻል እንዴ?»

«አላመመኝም መምህር። ለትንሹ ወንድሜ ላስቀምጥለት ነው። ኮከቡ ከወደቀ ሱቅ ሁሉ ይዘጋል አሉ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታስቀምጪው?»

ልጅቷ መሬት መሬት እያየች ቦርሳዋን ዘጋች።

ፍርሃት ሰውን ምን እንደሚያደርገው ለመምህርቷ ነጋሪ አያሻትም። በዚያው ከሰዓት በኋላ የኮሜቱን መንገድ ሰሌዳ ላይ ስላ፣ ከጨረቃ እጅግ ርቆ እንደሚያልፍ፣ ምድርንም እንደማይነካ አስረዳቻቸው። ልጆቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። ዓይናቸው ግን አላመነም። «ቆይ» አለች በልቧ፣ «ኮሜት እዚሁ ፊታቸው ሲሠራ ይዩት።»

አሠራሩን በአንድ የመምህራን ሥልጠና ላይ አይታለች። አፈር፣ አሸዋ፣ ውሃ፣ ጥቂት ቀለም፤ ከዚያ የተፈጨ ደረቅ በረዶ። ሁሉም አንድ ላይ ሲታሽ ጥቁር፣ ሸካራ፣ ጭስ የሚተፋ ድቡልቡል ነገር ይወጣዋል። እውነተኛውም ኮሜት ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የቆሸሸ በረዶ ነው። ደረቅ በረዶ የሚባለው ደግሞ ተንፍሰን የምናስወጣው አየር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ቀዝቅዞ ሲጠጥር ነው። ሲሞቅ ውሃ ሳይሆን በቀጥታ ወደ አየርነቱ ስለሚመለስ፣ የአይስክሬም ፋብሪካዎች ዕቃቸው ሳይረጥብ እንዲቀዘቅዝላቸው ይጠቀሙበታል። ባሏ አናጢ ነው፤ በዚያ ሰሞን አንድ የአይስክሬም ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ መደርደሪያ ይሠራ ነበር።

«አንድ ሳጥን ላምጣልሽ?» አላት። «የመጋዘኑ ኃላፊ ወዳጄ ነው።»

«ወይኔ፣ እጅ ያቃጥላል እኮ።»

«ይኸው ጀመረች!»

ያቃጥላል፤ ከእሳት ያልተናነሰ። ስለዚህ የባሏን ወፍራም የቆዳ ጓንት ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ዓይን ውስጥ ቢፈናጠርስ ብላ የመከላከያ መነጽር ተዋሰች። ልጆቹ አፋቸው ውስጥ ቢከቱትስ? ወላጅ ቢቆጣስ? ርዕሰ መምህሩ በመጨረሻው ሰዓት እምቢ ቢልስ? ጭሱ ክፍሉ ውስጥ ቢታፈንስ ብላ የክፍሉን መስኮቶች አንድ በአንድ ከፍታ ሞከረች፤ የዛገውን ማጠፊያም ዘይት ቀባችው። መኪናው ግን አልታሰባትም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ አንዳንዴ ግን የሚደርሰው ያልፈሩት ነው።

«ሰማይ ላይ ያለውን ነገር ምን አድርጊ ብሎሽ ነው ቤትሽ የምትጠሪው?» አሏት አማቷ። አብረዋቸው የሚኖሩ፣ ጉልበታቸው እንጂ ምላሳቸው ያልደከመ ሴት ናቸው። «ጅራታም ኮከብ ሲወጣ ደግ ነገር አይሰማም። እናቴ አይታለች፤ በዓመቱ ጦርነት መጣ።»

«እማማ፣ ጦርነትማ ኮከብ ባይወጣም ይመጣል።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አሉ ትንሽ አሰብ አድርገው። «ቢሆንም አትቆስቁሺው።»

ለነገ ኮሜቱን ልትሠራ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ባሏ ሳጥኑን ይዞ መጣ። እናቱን ከዓይን ሐኪም ቤት አምጥቷል። ሚስቱንና ልጃቸውን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ አሳፈረ። ልጅቷ ገና አንደኛ ክፍል ናት፤ ከማነሷና ከመፍጠኗ የተነሳ ድንቢጥ ይሏታል። መኪናዋ አሮጌ ነች። የኋላ ዕቃ መጫኛዋ በጣውላና በመሣሪያ ስለተሞላ ነጩን የፎም ሳጥን ከኋላ ወንበር ሥር፣ ድንቢጥ እግር አጠገብ ወለሉ ላይ አስቀመጡት። ከክዳኑ ጠርዝ ቀጭን ጭስ ብቅ ይልና እንደ ሌላ ጭስ ወደ ላይ አይሄድም፤ በሳጥኑ ጎን ቁልቁል ይፈስሳል።

«ክዳኑ አይገጥምም እንዴ?» አለች መምህርቷ።

«እንዳይገጥም ነው። መውጫ ካጣ ይፈነዳል ብሎኛል ወዳጄ።»

«ወይኔ! ሌላስ ምን አለህ?»

ባሏ ቁልፉን አዞረ። «ሌላ ምንም። ቀበቶሽን እሰሪ።»

ከመንገዱ እኩሌታ ሳይደርሱ ዝናቡ ወረደ። ወረደ ብቻ አይባልም፤ ሰማዩ ተቀደደ። ከድልድዩ ሥር ውሃ ሞልቶ አላሳልፍ ስላለ መኪናው ሁሉ ተደርድሮ ቆመ። ከፊታቸው ያለው የጭነት መኪና ጥቁር ጭሱን በቀጥታ ወደ እነሱ ይተፋል። ባሏ በእሱ በኩል ያለውን መስኮት ዘጋ፤ አማቷም ረጠብኩ ስላሉ የእሳቸውን ዘጋላቸው፤ በመጨረሻ የውጭ አየር የሚያስገባውንም ማዞሪያ ጠመዘዘው። መስታወቱ ወዲያው ላበው። ከውጭ የሚታየው ቀይ የፍሬን መብራት ብቻ ሆነ።

ድንቢጥ ተንበርክካ ሳጥኑ ላይ ተደፍታ ጭሱን በጣቷ ትቆርጣለች።

«እንዳትነኪው!» አለች እናቷ ዞር ብላ።

«አልነካሁም፤ ጭሱን ነው። እማዬ፣ ኮሜት ከየት ነው የሚመጣው?»

ይህን ጥያቄ ለነገ ስታዘጋጀው የሰነበተችው ስለሆነ ደስ አላት። «አባትሽ ቁም ሳጥን ሠርቶ ሲጨርስ ወለሉ ላይ ምን ይቀራል?»

«ሰጋቱራ።»

«አዎ። ፀሐይና ፕላኔቶች የተሠሩ ጊዜም እንደዚያው ትራፊ ቀረ። በረዶና አቧራ። ፀሐይ አጠገብ የነበረው በረዶ ተነነ። ሩቅ የነበረው ግን እንደቀዘቀዘ ቀረ። ከመጨረሻው ፕላኔት ወዲያ እንደ ቀለበት የሚዞር አለ። ከዚያም ወዲያ፣ በጣም በጣም ወዲያ፣ ልጣጭ ብርቱካንን እንደሚከብ እኛን ሁሉ የከበበ ሌላ የበረዶ ክምችት አለ ይላሉ። ማንም በዓይኑ አላየውም። ኮሜቶቹ ከሚመጡበት መንገድ ተነስተው ነው የደረሱበት።»

«እዚያ ተቀምጠው ምን ያደርጋሉ?»

«ምንም። ጨለማና ብርድ ነው። አንዳንዴ ግን ሌላ ኮከብ በሩቅ ሲያልፍ ይስባቸውና አንዱ ከቦታው ይናጋል። ከዚያ ወደ ፀሐይ መውደቅ ይጀምራል። እኛ ጋ እስኪደርስ ስንት ሺህ ዓመት፣ አንዳንዱም ሚሊዮን ዓመት ይፈጅበታል።»

«ይሄን ያህል ለፍቶ የመጣ» አሉ አማቷ ከኋላ፣ «ያለ ጉዳይ አልመጣም።»

ባሏ ሳቀ። ከሳቁ መሀል አዛጋ፤ ከዚያ ግንባሩን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። «ራሴን ያዘኝ» አለ። «የዚህ ከባድ መኪና ጭስ ነው።»

እሷንም ይዟታል። ከጆሮዋ ኋላ እንደ መዶሻ የሚመታ ነገር አለ። ልቧም መፍጠን ጀምሯል። ለምን እንደሆነ ፈለገች፤ ምክንያት አጣች። መንገድ ተዘግቷል፤ ዝናብ ነው፤ ነገ ትምህርቱ አለ። መጣብኝ፣ አለች በልቧ። አሁን ደግሞ በሰው ፊት መጣብኝ።

«ጅራቱስ?» አለች ድንቢጥ። ድምጿ ቀሰስተኛ ሆኗል።

«ጅራቱማ… ፀሐይ ስታሞቀው በረዶው ውሃ አይሆንም። ልክ እንደዚህ እንደ ሳጥኑ በረዶ… በቀጥታ አየር ይሆናል። አቧራውን ይዞ ይወጣል። የፀሐይ ብርሃንና ከፀሐይ የሚነፍሰው ነፋስ ደግሞ…» ትንፋሽ አጠራት። ዳገት የወጣች ይመስል በቃልና በቃል መሀል መተንፈስ አስፈለጋት። «…ወደ ኋላ ይገፉታል። ስለዚህ ጅራቱ ሁልጊዜ… ከፀሐይ ተቃራኒ ነው።»

«አይዞሽ ወይኔ» አላት ባሏ ሳያያት። «ዝናብ ነው፤ ያባራል።»

አፈረች። ሁሌም እንዲህ ነው፤ አይዞሽ ሲሏት ከጭንቀቱ በላይ እፍረቱ ያቃጥላታል። መስኮት ክፈትልኝ ልትል ብላ ምላሷን ነከሰችው። ለእንግዳ የሚወራ ሌላ ታሪክ ልትጨምርለት አልፈለገችም። ዓይኗን ጨፍና የሐኪሟን ዘዴ ያዘች። በአፍንጫዋ በጥልቀት ሳበች። ያዘች። ለቀቀች። ይሄ ጭንቀቴ ነው፤ ነገሩ ደህና ነው። እንደገና ሳበች። አልሠራ አላት። እንዲያውም በሳበች ቁጥር ልቧ ይብስ ይጋልባል፤ አንገቷን ላብ አጠመቀው፤ ጣቶቿ ደነዘዙ።

«ከዚያስ…» አለች ድንቢጥ ከታች፣ እንደ ተኛ ሰው፣ «አየሩ የት ይሄዳል?»

መልሱን ታውቀዋለች፤ ጠፈር ውስጥ ይበተናል። ትንፋሽ እስክታገኝ ጠበቀች። ድንቢጥ ግን እንደ ወትሮዋ ጥያቄውን መደጋገሟን ትታለች።

«ተኛችልኝ» አሉ አማቷ። የእሳቸውም ንግግር ተሳስሯል። «ደክሟት ነው… ይቺ መኪና ግን ታፍናለች እናንተ።»

አየሩ የት ይሄዳል? መምህርቷ ዓይኗን ገለጠች። ያላበውን መስታወት አየች፤ የተጠመዘዘውን ማዞሪያ አየች። ጠፈር ውስጥ ይበተናል። እዚህስ? እዚህ የት ይሄዳል? ከሳጥኑ ወጥቶ ወደ ታች የሚፈስሰው ከአየር የከበደው ነገር ከወለሉ ተነስቶ እየሞላ እየሞላ ነው፤ ከሁሉም ዝቅ ብላ ያለችው ደግሞ…

ክው አለች።

«መስኮት ክፈት!»

«ዝናቡ እኮ…»

«ክፈት አልኩህ! በረዶው ነው! አየሩን ጨርሶብናል!»

ባሏ ዞሮ አያት። ፊቱ በአንድ ጊዜ ተለዋወጠ፤ ያልገባው ሰው ፊት አልነበረም። እጁ መስኮት መክፈቻው ላይ ሲርበተበት እሷ በሩን ከፍታ ወጣች። እግሯ ከድቷት በጉልበቷ ውሃው ውስጥ ወደቀች። ተነሳች። የኋላው በር ከውስጥ አይከፈትም፤ ልጅቷ እየሄዱ ትከፍተዋለች ብላ ፈርታ ራሷ ናት ያስቆለፈችው። ከውጭ ጎትታ ከፈተችው።

ድንቢጥ ሳጥኑን አቅፋ ወለሉ ላይ ተጣጥፋለች። ከንፈሯ አመድ መስሏል። በብብቷ ይዛ ስትስባት ራሷ እንደ ጨርቅ አሻንጉሊት ወደ ኋላ ተንጠለጠለ።

«ድንቢጥ! ድንቢጤ! ስሚኝ እናቴ!»

ከኋላቸው ያለ ታክሲ ጥሩምባውን ነፋ። ከዚያ ሾፌሩ የሆነውን ሲያይ ጃኬቱን ራሱ ላይ ጥሎ ሮጦ መጣ። ባሏ እናቱን ደግፎ አወጣና መኪናዋን ተደግፈው እንዲቆሙ አደረጋቸው፤ ሾፌሩ ሳጥኑን በእግሩ ገፍቶ መንገዱ ዳር ገለበጠው። ነጫጭ ስብርባሪው ጎርፉ ውስጥ ሲገባ ውሃው ፈላ፤ ወፍራም ነጭ ጭስ አስፋልቱን ሞልቶ በሰው ቁርጭምጭሚት መሀል ተንሳፈፈ። «ምንድን ነው? ተቃጠለ እንዴ?» የሚል ጩኸት ከየመኪናው ተሰማ።

መምህርቷ ይህን ሁሉ አላየችም። ልጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ዝናቡ ፊቷ ላይ እየወረደ፣ ጉንጯን በእጇ ትመታለች። ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል? ይላል። አይልም። ይላል። ያቺ ቅጽበት ስንት እንደቆየች ኋላም ልትናገር አልቻለችም። ከዚያ ድንቢጥ ፊቷን ጨማደደች፤ እንደ ውሃ ጠላቂ አየር ሳበች፤ የእናቷ ቀሚስ ላይ አስመለሳትና ማልቀስ ጀመረች።

«በርዶኛል» አለች።

እናቷ በዕድሜዋ እንደዚያች ቃል ያለ ደስ የሚል ነገር ሰምታ አታውቅም።

የታክሲው ሾፌር ተሳፋሪዎቹን አስፈቅዶ በመጣበት አዙሮ ክሊኒክ አደረሳቸው። ወጣቷ ሐኪም ለድንቢጥ ኦክስጅን አደረገችላት፤ ለአማቷም ጭምር። የልጅቷን ዓይን በመብራት አየች፤ ስሟን፣ የክፍሏን ቁጥር፣ የጓደኛዋን ስም ጠየቀቻት። ድንቢጥ ሁሉንም መልሳ፣ «ሳጥኔስ?» አለች።

«ደህና ናት» አለች ሐኪሟ። «ቀድማችሁ አውጥታችኋታል። እስኪመሽ ግን እዚሁ ትቆይልኝ።»

አማቷ ጭምብሉን ከአፋቸው ላይ ከፍ አድርገው፣ «አትቆስቁሺው ብዬሽ ነበር» አሉ። ነርሷ ጭምብሉን መልሳ አጠለቀችላቸው።

ባልና ሚስት ኮሪደሩ ላይ ባለው የፕላስቲክ ወንበር ጎን ለጎን ተቀመጡ። ልብሳቸው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

«የመጋዘኑ ኃላፊ ነግሮኝ ነበር» አለ ባሏ።

«ምን ብሎ?»

«መስኮት ከፍታችሁ ሂዱ ብሎ። ሰው ያለበት ቦታ አትዝጉበት ብሎ። ስንነሳ የእኔን ከፍቼዋለሁ፤ አይተሻል። ዝናቡ ሲመጣ ረሳሁት። ከአእምሮዬ ወጣ።»

«ሌላ ምን አለህ ብዬ ጠይቄህ ነበር።»

«ጠይቀሽኛል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ መንገዱን ሙሉ ትጨነቂያለሽ ብዬ። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው፣ እውነቴን ነው።»

ጩኸት ይመጣብኛል ብላ ጠበቀች፤ አልመጣም። «ልክ ነህ» አለችው። «እጨነቅ ነበር። መስኮቱም ክፍት ይሆን ነበር።»

ሰውዬው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ታባብለው ነበር። ያን ቀን ግን እጇ አልታዘዝ አላት።

ሰው ይህን ሲሰማ፣ እንኳን ጭንቀቷ ጠቀማት ይላል። እሷ ግን እንዲያ አልሆነላትም። እስከዚያ ቀን ድረስ ጭንቀቷን ውሸታም ነህ ብላ ነበር የምትገስጸው። አንድ ጊዜ እውነት ተናግሮ ከተገኘ በኋላ በምን አፏ ውሸታም ትበለው? በቀጣዮቹ ሌሊቶች እየተነሳች የድንቢጥን ትንፋሽ ታዳምጣለች፤ መስኮቱን ትከፍታለች፤ ይበርዳታል ብላ ትዘጋለች፤ ትታፈናለች ብላ ትከፍታለች። ልቧ በፈጠነ ቁጥር ቤቱን ሁሉ ታሸታለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ዘዴውን ያስተማረቻት ሐኪሟ ዘንድ ተመልሳ ሄደች።

«በጥልቀት ሳቢ ብለሽኛል» አለቻት። «እኔም ሳብኩ። መርዙን ሳብኩ። ከእንግዲህ የትኛው እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

«አላውቅም» አለች ሐኪሟ። «አብረን እናየዋለን። በየሳምንቱ ነይ።» መልስ ባይሆንም፣ አላውቅም መባሏ ከአይዞሽ ይልቅ ቀለላት።

ትምህርቱም ቀረ። ልጆቹ መምህራችን ለምን ቀረች ብለው ሲጠይቁ፣ ኮሜት ልትሠራ ሄዳ ልጇን ሊገድልባት ነበር የሚል ወሬ ትምህርት ቤቱን ሞላው። ስትመለስ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ጠበቃት። ቀጭኗ ልጅ ከመቀመጫዋ ሆና ዓይኗን ሳትነቅል ታያታለች። ከፈራችው በላይ ነው የሆነው፤ ልትነቅለው የሄደችውን ፍርሃት ውሃ አጠጥታው መጥታለች።

ስለዚህ የሆነውን ሁሉ እንደሆነ ነገረቻቸው። ሳጥኑን፣ ዝናቡን፣ የተዘጋውን መስኮት። የኔ ጥፋት ምኑ ላይ ነበር ብላ ጠየቀቻቸውም። እጆች ወጡ። «ወለሉ ላይ መቀመጡ!» «የውጭ አየር መዘጋቱ!» «ማንም አለመጠየቁ!» አንዱ ደግሞ፣ «በአውቶቡስ መሄድ ነበረባችሁ» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች።

ከዚያ ርዕሰ መምህሩን ለምና፣ ነፋሻ በሆነ ረፋድ ላይ ሜዳው መሀል ጠረጴዛ አስወጣች። በረዶውን የፋብሪካው ሰው በክፍት ፒካፕ አምጥቶ ሰጣት። ልጆቹን ነፋሱ ከጀርባቸው በሚመጣበት በኩል አራርቃ አቆመቻቸው። ጓንቱን ስታጠልቅ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሁሉም አዩት፤ አልደበቀችውም። አፈሩን፣ አሸዋውን፣ ቀለሙን፣ ውሃውን ደባለቀች። ደረቅ በረዶውን ስትጨምር ከባልዲው ነጭ ጭስ ገንፍሎ በጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ኡ!» ብለው ወደ ኋላ ሸሹ። ጨፈለቀችው፤ አሸችው። ሲወጣ የተቃጠለ ድንች የመሰለ ጥቁር አስቀያሚ ነገር ሆነ። በስንጥቁ ሁሉ ጭስ ይተፋል። ነፋሱ ጭሱን እየወሰደ ወደ አጥሩ ይጎትተዋል።

«ይሄ ነው?» አለ አንዱ ቅር ብሎት።

«ይሄ ነው። እውነተኛው ከተራራ ይበልጣል እንጂ መልኩ ይሄው ነው። ፀሐይ ባጠገቧ ባለፈ ቁጥር ትሸራርፈዋለች፤ ሲመለስ አንሶ ነው።»

ቀጭኗ ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ እርስዎ ይፈራሉ?»

«እፈራለሁ። ብዙ ነገር እፈራለሁ። ይሄኛውን ኮሜት ግን አልፈራም፤ መንገዱን ለክተውታል።»

«ከእሱ በኋላ የሚመጣውስ?»

የለም ልትል ትችል ነበር። «እሱን ገና አላወቅነውም» አለች። «ሌት ከቀን ሰማይ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ቀድመው እንዲያዩት ነው የሚሠሩት።»

ልጅቷ ይህን በአፏ ውስጥ እንደሚያላምጥ ሰው ጥቂት አሰበች። ደስ አላላትም፤ ግን ደግማ አልጠየቀችም።

ጅራታም ኮከቡ እየደበዘዘ ሄዶ፣ አንድ ምሽት ሰፈርተኛው ሲፈልገው አጣው። አማቷ «ተመስገን፣ ሄደልን» አሉ። የቪዲዮው ሰውዬም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ስለ ሌላ ነገር ያወራ ጀመር።

ባሏ ከዚያ ወዲህ ተለውጧል። ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ቀኑን ሙሉ የሆነውን አንድም ሳያስቀር ይነግራታል። መሰላሉ አንድ መርገጫው ተሰንጥቋል፤ አልወደቅሁም፣ ልወድቅ ግን ነበር። የመጋዝ ገመዱ ተልጧል፤ በፕላስተር ጠቅልዬዋለሁ። ከቀለሙ የተነሳ ትንሽ አስሎኛል። እራት ላይ አማቷ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ኧረ ተወን አንተ! የእሷ ሲገርመን አሁን ደግሞ አንተ ጀመርክ?»

«ልንገራት ብዬ ነው እማዬ» አለ። ወደ ሚስቱ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሌላም አለ። የመኪናዋ ፍሬን ይጮኻል።»

ልቧ ድው አለ። ጭንቀቱ ይሁን ነገሩ፣ አሁንም አልለየችውም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከትናንት።»

«ነገ በእሷ አትሂድ።»

«እሺ» አለ። ሳቅ የለ፣ አይዞሽ የለ። «ጠዋት ወደ ጋራዥ እወስዳታለሁ። አብረሽኝ ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ» አለችና ዳቦውን አቀበለችው።